ግቢ የጠበበው ኤሊ፦ መጠለያ ከመፈለግዎ በፊት

ጥያቄ፦ በዳላስ ከተማ አቅራቢያ የሚኖሩ አንዲት እናት የላኩት ረዘም ያለ ጥያቄ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ከዘጠኝ ዓመት በፊት ልጆቼ ከቅዳሜ ገበያ ገዝተው ያመጡት ኤሊ ያን ጊዜ በመዳፍ ይያዝ ነበር። ሻጩ ጠባብ ቦታ ካስቀመጣችሁት አያድግም ብሎን ነበር፤ አሁን ሠላሳ ኪሎ አልፎ የአጥሩን ሥር እየቆፈረ ወደ ጎረቤት ይሻገራል። በብርዱ ወራት እንቅልፉን ይተኛ ብለን ጋራዥ ውስጥ እንተወዋለን። ዘንድሮ ግን ገና ብርዱ ሲጀምር አፍንጫው ይዝረበረብ ጀመር። የጀርባው ቅርፊትም ጉብታ በጉብታ ሆኗል። ልጆቹ ኮሌጅ ገብተዋል፤ እኔ ብቻዬን አልቻልኩትም። ዘሩ ከአገራችን ቆላ ነው ስለሚባል ወደ ኢትዮጵያ መላክ ይቻል ይሆን? ካልሆነ አሪዞና በረሃ ወስደን ብንለቀውስ? የሚረከበን መጠለያስ ይኖራል?»

ምላሽ፦ ኤሊው ሱልካታ የሚባለው ትልቅ የአፍሪካ የየብስ ኤሊ ነው። ከጥያቄው ጋር በላኳቸው ፎቶዎች ላይ ከኋላ እግሮቹ ጭን የሚታዩት ሾጣጣ እሾሆችና ነጠብጣብ የሌለበት፣ ገለባ የመሰለ ቅርፊቱ ሌላ ዝርያ ሊሆን እንደማይችል ያሳያሉ። ከአንገቱ ሥር ወደ ፊት ተመዝዞ የወጣው ሹካ መሰል የቅርፊት ጫፍና ወደ ውስጥ የጎደጎደው ሆዱ ደግሞ ወንድ መሆኑን ያመለክታሉ። ወንድ ሱልካታ መሆኑ መጠለያ የማግኘት ዕድሉን በቀጥታ ስለሚወስን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፤ አስቀድሞ ግን የአፍንጫው ጉዳይ መታየት አለበት፤ ጊዜ የማይሰጠው እሱ ነው።

ሱልካታ የክረምት እንቅልፍ የለውም። የተፈጥሮ መኖሪያው ከሰሃራ በስተደቡብ ከሴኔጋል ተነሥቶ እስከ ኢትዮጵያና ኤርትራ ቆላ የሚዘልቀው የሳህል ቀበቶ ሲሆን፣ በዚያ አካባቢ የሚሸሸው ሙቀትና ድርቀት እንጂ ውርጭ አይደለም። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ አንዳንድ የኤሊ ዝርያዎች ብርዱ ሲመጣ የሰውነታቸውን ሥራ አዘግይተው ወራት ያለ ምግብ የሚያልፉበት ተፈጥሯዊ ሥርዓት አላቸው፤ ሱልካታ ግን ይህ ስላልተሰጠው፣ ጋራዥ ውስጥ አንገቱን ሰብስቦ ሲቀመጥ እርስዎ እንቅልፍ ያሉት ነገር ቅዝቃዜ ያመጣበት መደንዘዝ ነው። ሰውነቱ ሲቀዘቅዝ የበላው ሣር በአንጀቱ ውስጥ ሳይፈጭ ይቆያል፣ በሽታ የመከላከል አቅሙም ይወድቃል። ኤሊ ደግሞ እንደ እኛ የሚያስል ጡንቻ ስለሌለው በሳንባው የተጠራቀመውን አክታ ማውጣት አይችልም። በአፍንጫ የጀመረ ንፍጥ ወደ ሳንባ ምች የሚሻገረው በዚህ ምክንያት ነው፤ አፉን ከፍቶ ሲተነፍስ፣ አንገቱን ወደ ላይ ሲዘረጋ ወይም ሲተነፍስ የፉጨት ድምፅ ሲሰማ ካዩ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይውሰዱት።

የሚወስዱትም ውሻና ድመት ብቻ ወደሚያክም ሐኪም ሳይሆን ተሳቢ እንስሳትን አዘውትሮ ወደሚያይ የእንስሳት ሐኪም ይሁን። ሐኪሙ ኤክስሬይ እንዲያነሣ ይጠይቁት። የሳንባው ሁኔታ በኤክስሬይ ሊታይ ይችላል፤ ከዚያ ባልተናነሰ ግን በሽንት ፊኛው ውስጥ ድንጋይ መኖር አለመኖሩ መታወቅ አለበት። ለዓመታት በቂ ውሃ ሳያገኝ ያደገ ሱልካታ ከሽንቱ ጋር የሚወጣው ነጭ ዝቃጭ ከጥርስ ሳሙና ልስላሴ ወደ አሸዋ፣ ከአሸዋም ወደ ድንጋይ ይለወጣል፤ ድንጋዩ ትልቅ ከሆነ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ የሆድ ቅርፊቱን በመጋዝ ከፍቶ በሚደረግ ቀዶ ሕክምና ነው። አንቲባዮቲክ ከታዘዘለት ደግሞ መድኃኒቱ በትክክል የሚሠራው ሰውነቱ ሞቆ ሲቆይ ብቻ ነውና፣ መርፌ እያስወጉ ቀዝቃዛ ጋራዥ ውስጥ ማሳደር ገንዘብን መጣል ነው። በዚህ ቦታ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ለፈረስና ለከብት ተብሎ በእርሻ ዕቃ መደብር የሚሸጠውን አይቨርሜክቲን «ትል ያጠፋለታል» ብሎ የሚመክርዎ ሰው ቢኖር አይስሙት፤ አይቨርሜክቲን ኤሊን ሽባ አድርጎ ይገድላል።

የማሞቂያው ነገር ውድ መሆን የለበትም፤ ጥንቃቄ ግን ይጠይቃል። ጋራዡን በሙሉ ለማሞቅ ከመሞከር ይልቅ ኤሊው እንደ ልብ ዞሮ የሚተኛበት፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ የጣውላ ሳጥን ይሠራለት፤ ግድግዳውና ጣሪያው በፎም ይሸፈን፣ ፎሙም እንዳይበላው በውስጥ በኩል ሌላ ጣውላ ይለበጥበት፣ በሩ ላይ ወፍራም የፕላስቲክ መጋረጃ ይንጠልጠል። ሙቀቱ ለታመመ ኤሊ ሌሊቱን በሙሉ ከ27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ (80 ፋራናይት) እንዳይወርድ ማድረግ ያስፈልጋል። ለዚህም በውስጡ ዘይት ያለበት የኤሌክትሪክ ራዲያተር ወይም ለእንስሳት ተብሎ የተሠራ የማሞቂያ ምንጣፍ ከቴርሞስታት ጋር ይበቃል። ቀይ የማሞቂያ አምፖል ከላይ ማንጠልጠልን አልመክርም። ትልቅ ኤሊ ጀርባው ከፍ ያለ ስለሆነ አምፖሉ ከወለሉ ይልቅ ለቅርፊቱ አናት ይቀርባል። ሰውነቱ ከሥር እንደቀዘቀዘ ስለሚቆይም ኤሊው ከቦታው አይነሣም፤ ወደ መጠለያ ከሚመጡት ትልልቅ ሱልካታዎች መካከል በጀርባቸው ጫፍ ላይ ክብ የቃጠሎ ጠባሳ የያዙት በአብዛኛው በዚህ መንገድ የተጎዱ ናቸው። አምፖሉ ወድቆ ድርቆሽ ላይ ካረፈ ደግሞ ቤቱም አይተርፍም።

ዳላስ በመሆንዎ መብራት ቢጠፋ ምን እንደሚያደርጉም ከአሁኑ ያስቡበት። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 በዳላስ የሙቀት መጠኑ ከዜሮ በታች ወደ 19 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ በቴክሳስ መብራት ለቀናት ጠፍቶ እንደነበር አይዘነጋም። እንዲህ ባለ ጊዜ ኤሊውን በብርድ ልብስ መጠቅለል አይጠቅምም፤ የራሱን ሙቀት የማያመነጭ እንስሳ ብርድ ልብስ የሚያቆይለት ያንኑ ብርዱን ነው። ያለው ምርጫ እሳት ወይም ማሞቂያ ወዳለበት የቤቱ ክፍል ማስገባት ነው፤ ሠላሳ ኪሎ ተሸክሞ የሚያግዝዎ ሰው ማን እንደሆነ አስቀድመው ይወቁ።

ስለ ጉብታው ያሰቡት ነገር አልተነገረንም፤ ብዙ ሰው ግን ሥጋ ወይም ፕሮቲን የበዛበት ምግብ ያመጣው ነው ይላል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ፣ በሱልካታ ጫጩቶች ላይ የተደረገ ጥናት ያሳየው ግን ከፕሮቲኑ ይልቅ የአየሩ እርጥበት ማነስ ዋነኛው ምክንያት መሆኑን ነው። በሳህል ያሉ ጫጩቶች የቀኑን ከባድ ሰዓት የሚያሳልፉት እርጥበት ባለው ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ «የበረሃ ኤሊ ነውና ደረቅ ይወዳል» ተብሎ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ከአምፖል ሥር የሚያድገው ጫጩት ግን እያንዳንዱ የቅርፊቱ ክፍል ወደ ጎን መስፋቱን ትቶ ወደ ላይ ይቆለላል። የተቆለለው አይመለስም፤ ምንም ቅባት፣ ምንም ቫይታሚን አያስተካክለውም፤ ለመልኩ ብለው ወጪ አያውጡ። ቅርፊቱ ጠንካራ እስከሆነ ድረስ ጉብታ ብቻውን በሽታ አይደለም። በጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የካልሲየምና የዩቪቢ (ከፀሐይ የሚገኘው፣ በዓይን የማይታየው) ጨረር እጥረት አጥንቱን አዳክሞታል ማለት ነው። የዩቪቢ ጨረር በመስኮት መስተዋት አያልፍም፤ የዩቪቢ አምፖልም ብርሃኑ ሳይጠፋ ጨረሩ ስለሚዳከም በአምራቹ መመሪያ መሠረት ይቀየራል። ቴክሳስ ውስጥ ግን በሞቃቱ ወራት ከፀሐይ የሚበልጥ አምፖል የለም።

ምግቡን በተመለከተ ብዙ አልልም። ሣር ይብላ፤ ሣር በሌለበት ጊዜ ድርቆሽ፣ እሾሁ የተነሣ የበለስ ቅጠልም ጥሩ ነው። ፍራፍሬ፣ ዳቦ፣ የውሻ ምግብና ከማዕድ የተረፈ እንጀራ አይሰጠው። በሐበሻ ቤት ያደጉ ኤሊዎች እንጀራ ሲያዩ እየሮጡ መምጣታቸው የታወቀ ነው፤ ወዶ መብላቱ ግን አንጀቱ ይችለዋል ማለት አይደለም፤ ቃጫ ሊያብላላ የተፈጠረ አንጀት ስታርች ሲበዛበት ይነፋል። ጥልቀት በሌለው ሰፊ ትሪ ንጹሕ ውሃ ሁልጊዜ ይቅረብለት፤ ዘንድሮ በብርዱ ወራት ደግሞ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ቢቀመጥ ጥሩ ነው፤ ውሃው ከአገጩ በታች ይሁን።

ወደ ሻጩ ቃል እንመለስ። ኤሊ ጠባብ ቦታ ስላስቀመጡት አያጥርም፤ ይጣመማል፣ ይታመማል እንጂ። ሱልካታ ከእንቁላል ሲወጣ 5 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ በአሥር ዓመት ውስጥ ሠላሳና አርባ ኪሎ መድረሱ እንግዳ ነገር አይደለም፣ ያረጁ ወንዶች ከ80 ኪሎ በላይ ይሆናሉ፤ ዕድሜው 70 ዓመትና ከዚያም በላይ ስለሚሄድ የእርስዎ ኤሊ ገና ጎረምሳ ነው። ይህ ሰው የዋሸው በዚህ ብቻም አይደለም። የቅርፊታቸው ርዝመት ከ4 ኢንች (10 ሴንቲሜትር ገደማ) ያነሰ ኤሊዎችን ለቤት እንስሳነት መሸጥ በአሜሪካ ከ1975 ጀምሮ በፌዴራል ደንብ የተከለከለ ነው፤ ምክንያቱም ሕፃናት ወደ አፋቸው ስለሚያስገቧቸው ሳልሞኔላ በተባለ ባክቴሪያ ይታመሙ ነበር። ዛሬም ቢሆን ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ወይም ነፍሰ ጡር ሴት ወደ ቤትዎ ስትመጣ ኤሊውን የነካ እጅ ሁሉ በሳሙና ይታጠብ፤ የውሃ ትሪውም በወጥ ቤት ማጠቢያ ውስጥ አይታጠብ።

ወደ ኢትዮጵያ የመላክ ሐሳቡ አይሆንም። የዝርያው መኖሪያ በከፊል አገራችን መሆኑ እውነት ነው፤ የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረትም ዝርያው በዱር ለመጥፋት መቃረቡን አስታውቋል። ሆኖም የእርስዎ ኤሊ በአሜሪካ ግቢዎች ውስጥ ለትውልዶች ሲዳቀል የኖረ፣ ወላጆቹ ከየትኛው የሳህል ጫፍ እንደመጡ የማይታወቅ እንስሳ ነው። በአሜሪካ ከሌሎች ዝርያዎች ጋር በአንድ ገበያ ሲቆይ ሊይዝ የቻለውን የመተንፈሻ አካል ተሕዋስያንና የሄርፒስ ቫይረስ ወስዶ በአፋር ወይም በሌላ ቆላ ላሉት ጥቂት የዱር ኤሊዎች ማድረስ ለዝርያው ጥፋት እንጂ ውለታ አይሆንም። ሕጉም አይፈቅድልዎትም ማለት ይቻላል፤ የየብስ ኤሊዎች በሙሉ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት በሳይተስ ሥር ስለሆኑ ከአሜሪካ መውጫ ፈቃድ፣ ከኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንም ይሁንታ ያስፈልጋል። በሆለታ አቅራቢያ ቦርን ፍሪ የተባለው የዱር እንስሳት ጥበቃ ድርጅት የሚያስተዳድረው እንሰሳ ኮቴ የሚባለው ማዕከልም የቆመው በአገር ውስጥ ከሕገ ወጥ ይዞታ ለሚታደጉ የዱር እንስሳት ነው፤ ከውጭ የሚላክ የቤት ኤሊ የሚቀበል አድርገው አያስቡት።

አሪዞና በረሃ መልቀቅን በተመለከተ ግን ልስላሴ አያስፈልግም፤ አያድርጉት። በአሪዞና ብዙ ስፍራ ሌሊቱ በክረምት ውርጭ ነው፣ ኤሊው በመጀመሪያው ብርድ ይሞታል። ካልሞተ የባሰ ነው፤ በዚያ በረሃ የሚኖረው የአካባቢው ኤሊ የመተንፈሻ አካል በሽታ ካዳከማቸው እንስሳት አንዱ ሲሆን፣ ከኮሎራዶ ወንዝ በስተሰሜንና በስተምዕራብ ያለው ክፍሉ ከ1990 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ጥበቃ ሥር ነው። አፍንጫው የሚዝረበረብ ኤሊ በዚያ መሐል መልቀቅ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዎታል። ደቡብ ቴክሳስም ተመሳሳይ ነው፤ የቴክሳስ ኤሊ የሚባለው ዝርያ በግዛቱ ሕግ የተጠበቀ ነው።

አሁን ወደ መጠለያው። የተሳቢ እንስሳት መጠለያዎች በአሜሪካ አሉ፤ በአሪዞና የሚገኘው የፊኒክስ ሄርፔቶሎጂካል ሳንክችወሪ በዚህ የሚታወቅ ነው፣ በካሊፎርኒያ ደግሞ የካሊፎርኒያ ተርትልና ቶርተይዝ ክለብ ኤሊዎችን ለአዲስ ባለቤት ሲያገናኝ ቆይቷል። ችግሩ ቦታ ነው። አንዲት እንስት ሱልካታ በአንድ ጊዜ ከ15 እስከ 30 እንቁላል፣ በዓመትም ከአንድ ጊዜ በላይ ስለምትጥል ጫጩቱ በርካሽ ይሸጣል፤ ከዓመታት በኋላ ሁሉም በአንድነት የመጠለያ በር ያንኳኳል። እነዚሁ መጠለያዎች ባለቤቶቻቸው የሰለቿቸውን አረንጓዴ ኢጓናዎች፣ ጆሮ ግንዳቸው ላይ ቀይ ምልክት ያለባቸውን የውሃ ኤሊዎችና ከሁለት ሜትር በላይ ያደጉ ዘንዶዎችንም ይቀበላሉ፤ ነገር ግን ዘንዶ በመደርደሪያ ላይ በተቀመጠ ሣጥን ይኖራል፣ ሱልካታ ግን መሬት ይፈልጋል፣ የሰጡትንም መሬት ይቆፍራል።

ከሁሉም ደግሞ ለማስጠጋት የሚያስቸግረው ጎልማሳ ወንድ ነው። ሁለት ወንዶች በአንድ አጥር ውስጥ አይኖሩም፤ ያ ከአንገቱ ሥር የወጣው ሹካ የሚያገለግለው ተንደርድሮ ሌላውን ወንድ በጎኑ ለመገልበጥ ነው፣ የተገለበጠውም በፀሐይ ላይ ከቆየ ይሞታል። ከእንስት ጋር ማኖርም አይቻልም፤ መልካም መጠለያ አያራባምና። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ወንድ የራሱ ግቢ፣ የራሱ ማሞቂያ ይፈለጋል። መጠለያው ሲቀበልዎ ብዙውን ጊዜ ኤሊውን ለወራት ለብቻው በለይቶ ማቆያ ያኖረዋል፣ የሚያስረክቡበት ሰነድ አስፈርሞ ባለቤትነቱን ይወስዳል፣ የመቀበያ ክፍያም ሊጠይቅ ይችላል። ክፍያ መጠየቁ አያስቀይምዎ። ሊያስጠነቅቅዎ የሚገባው ሌላ ነው፤ «እንታደጋለን» እያሉ ነገር ግን ጫጩት የሚሸጡ፣ እንስትና ወንድ አብረው የሚያኖሩ፣ ግቢያቸውን ለማየት ሲጠይቁ ምክንያት የሚደረድሩ ሰዎች ነጋዴ ናቸው፣ መጠለያ አይደሉም።

በእኔ ግምት ለዚህ ኤሊ የሚሻለው በመጠለያ ውስጥ መቀመጡ ሳይሆን በመጠለያ ወይም በክለብ በኩል ተጣርቶ ለሚያገኘው፣ ሌላ ኤሊ ለሌለውና ሰፊ ግቢ ላለው አንድ ሰው መሰጠቱ ነው። ሲቻል ከቴክሳስ ሳይወጣ ይሁን። ከግዛት ወደ ግዛት የሚሻገር ሱልካታ የጤና ሰነድ ያስፈልገዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2000 በውጭ አገር ኤሊዎች ላይ የተገኙ የአፍሪካ መዥገሮች ሃርት ዋተር የተባለውን የከብት በሽታ ወደ አሜሪካ ሊያስገቡ ይችላሉ በሚል ሱልካታን ጨምሮ የሦስት ዝርያዎች ማስገባት ታግዶ፣ በግዛቶች መካከል ለሚደረገውም ዝውውር በፌዴራል ዕውቅና ያለው የእንስሳት ሐኪም መርምሮ መዥገር የለበትም ብሎ የፈረመው ሰነድ እንዲኖር ተወስኗልና። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ኤሊውን መኪና ላይ ጭኖ ይሄዳል። አንባቢ ሆይ፣ መዥገርን ለከብት በሽታ እንጂ ለኤሊ መንገድ እንቅፋት ይሆናል ብሎ ማን ያስባል?

ስለዚህ የሚያደርጉትን በቅደም ተከተል ልንገርዎ። በዚህ ሳምንት ማሞቂያውን ያሰናዱና ለሐኪም ቀጠሮ ይያዙ። ብርዱ እስኪያልፍ ድረስ ኤሊውን ለማንም አይስጡ፣ ታሞ ማዘዋወር ለእርሱም ለሚቀበለውም ጉዳት ነው። ሌሊቱን ማሞቅ ጨርሶ የማይቻልዎ ከሆነ ብቻ ይህን ለመጠለያዎች በግልጽ ነግረው አስቸኳይ ቦታ እንዲሰጡት ይለምኑ። በዚህ መሐል ለሁለት ወይም ለሦስት መጠለያዎች ይጻፉ፤ ክብደቱን፣ ወንድ መሆኑን፣ የሐኪሙን ውጤት፣ ስንት ዓመት ከሰው ጋር እንደኖረና ምን ሲበላ እንደቆየ አይደብቁ፤ መዝገቡ የተሟላለት ኤሊ ቀድሞ ያልፋል። አጥሩ ለጊዜው እንዳይሻገር ከመሬት በታች ግማሽ ሜትር ያህል የኮንክሪት ብሎክ ይቅበሩ፤ ሽቦ ብቻ አይበቃውም፣ ሽቦው በሚታይበት ቦታ ደግሞ ወዲያ ማዶውን ስለሚያይ መግፋቱን አይተውም። ሐኪሙ የድንጋይ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል ካለ ወጪው ከፍተኛ ነውና ከመጀመሩ በፊት ለመጠለያዎቹ ያሳውቁ፤ አንዳንዱ ተካፍሎ ይረዳል፣ አንዳንዱ አይቀበልም።

በጸደይ ሌሊቱ በተከታታይ ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆን ያስረክቡት። የሚረከበው ሰው በግቢው ሌላ ኤሊ ኖሮት የሚያውቅ ከሆነ ግን ሐኪሙ የመተንፈሻ አካሉ መዳኑን በጽሑፍ እስካላረጋገጠ ድረስ ኤሊውን ከመኪናው አያውርዱት።